ኦክታቪያ በትለር ነቢይት አልነበረችም

ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ስለ ኦክታቪያ በትለር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው አይተናል። ጸሐፊው በፍቅር እንደጻፉት ያስታውቃል። ነገር ግን ጽሑፉ በትለርን ያላነበበ ሰው ቢያምነው የማይፈረድበት፣ ያነበባት ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይችለው ስሕተት አለበት። የመጀመሪያ ትውውቅ አንዴ ከተጣመመ ለማቃናት ስለሚከብድ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠቱን መርጠናል።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። በትለር የመጀመሪያዋ ጥቁር የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ ናት። ማንበብ የሚያዳግታት ዓይን አፋር ልጅ ሳለች አንድ ታዋቂ ነጭ ደራሲ ድንገት አግኝቷት ለወግ አበቃት። «ኪንድረድ» በጊዜ ማሽን ወደ ባርነት ዘመን ስለሄደችና በሰላም ስለተመለሰች ሴት ነው። «ብለድቻይልድ» የተባለው አጭር ልብወለዷ የባርነት ምሳሌ ነው። የ2025ቱን የሎስ አንጀለስ ቃጠሎና የአንድ ፕሬዚዳንት መፈክርን አስቀድማ ተንብያለች። የማክአርተር ሽልማት ካገኘች በኋላ ብዕሯን አስቀምጣለች። በመጨረሻም ጸሐፊው አንባቢ «ፓተርንማስተር»ን አስቀድሞ እንዲያነብ ይመክራሉ፤ መጀመሪያ የታተመው እሱ ነውና።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የመጀመሪያዋ» ከሚለው እንጀምር፤ ይሄ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ሳሙኤል ዴላኒ የመጀመሪያ ልብወለዱን ያሳተመው በ1962 ነው፤ በትለር ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እንዲያውም በ1970 በተማሪነት በተቀመጠችበት፣ ክላሪዮን በሚባለው የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊዎች ዎርክሾፕ ካስተማሯት አንዱ እሱ ነው። ከዴላኒም በፊት ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1920 ጅራታም ኮከብ ኒውዮርክን ሲያጠፋት የሚተርክ አጭር ልብወለድ ጽፏል፤ ጆርጅ ስካይለርም በ1931 ጥቁሮችን ወደ ነጭነት የሚለውጥ ሕክምና ቢገኝ ምን ይከተል ነበር ብሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። ሴቶችን ብቻ እንቁጠር ቢባል እንኳ ፖሊን ሆፕኪንስ አለች። በ1902 እና በ1903 በመጽሔት በተከታታይ ያወጣችው ልብወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ከአርኪዮሎጂ ጓድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳል፤ በጥንታዊቷ የሜሮዌ ከተማ ፍርስራሽ ሥር የተሰወረ ከተማም ያገኛል። ጸሐፊው ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርብ ነገር ፈልገው ከሆነ ይህ በእጃቸው ነበር። ስለ በትለር በልበ ሙሉነት ሊባል የሚቻለው የሳይንስ ልብወለድን የዕድሜ ልክ ሥራዋ አድርጋ የያዘች፣ በዘርፉም ስሟን የተከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት የሚለው ነው። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ያሳዝናል፤ የብዙ ዓመት ልፋትን ለሌላ ሰው ያስረክባልና።

በትለር ሰኔ 22 ቀን 1947 በካሊፎርኒያ ፓሳዲና ተወለደች። አባቷ ጫማ የሚጠርግ ነበር፤ በልጅነቷ ሞተ። እናቷ በሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገቻት፤ አሠሪዎቿ የጣሏቸውን መጻሕፍት እየሰበሰበች ወደ ቤት ታመጣላት ነበር። ልጅቷ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ንባብን የሚያከብድ ችግር፣ ነበረባት። ይህ ማለት ግን ጽሑፉ እንደሚያስመስለው ማንበብ አትችልም ማለት አይደለም፤ ቀስ ብላ ታነብ ነበር፣ ብዙም ታነብ ነበር። ችግሩ በኋላ ኑሮዋ ላይ የታየው መኪና ባለመንዳቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በአውቶቡስ ስትሄድ ኖራለች፤ ከድርሰቶቿም ቢያንስ አንዱ ከአውቶቡስ ወንበር ላይ የተወለደ ነው። በፓሳዲና ቤተ መጻሕፍት ዕድሜያቸው 14 ያልሞላ ልጆች ወደ አዋቂዎች ክፍል አይገቡም ነበር። የልጆቹን ክፍል ስትጨርስ ወደ ግሮሰሪው የመጽሔት መደርደሪያ ዞረች፤ የሳይንስ ልብወለድ መጽሔቶችን ያገኘችው እዚያ ነው።

በ10 ዓመቷ እናቷን ለምና ሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና አስገዛች፤ በሁለት ጣት እየለቀመች መጻፍ ጀመረች። በ12 ዓመቷ በቴሌቪዥን አንድ ደካማ የማርስ ፊልም አይታ «እኔ ከዚህ የተሻለ መጻፍ እችላለሁ» ብላ ተነሳች። በ13 ዓመቷ አንዲት አክስቷ ጥቁር ሰው ደራሲ መሆን እንደማይችል ነገረቻት፤ አክስቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ አንድም አይታ ስለማታውቅ ነው። የትምህርት ቤቷ የሳይንስ መምህር የመጀመሪያውን ለመጽሔት የሚላክ ጽሑፏን በንጹሕ ታይፕ አድርጎ ሰጣት። «ወኪል ነኝ» የሚል ሰው ደግሞ የንባብ ክፍያ ብሎ 61 ዶላር ገደማ ከእናቷ ወሰደ፤ ከወር የቤት ኪራያቸው የሚበልጥ ገንዘብ ነው። በምላሹ ያገኙት ነገር የለም። ዛሬም ለሚጽፍ ወጣት ይህ መታወቅ አለበት፦ እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፤ ለማንበብ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው።

ጽሑፉ «አገኛት» የሚለው ነጭ ደራሲ፣ ሃርላን ኤሊሰን፣ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ምዕራብ የፊልም ጸሐፊዎች ማኅበር ለጥቁርና ለላቲኖ ጀማሪዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ነበር፤ ኤሊሰን መምህር፣ እሷ ተማሪ ሆነው እዚያ ተገናኙ። እሱም ያኔ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ይሰጥ ወደነበረው የስድስት ሳምንት የክላሪዮን ዎርክሾፕ እንድትሄድ ገፋፋት። ውለታው እውነተኛ ነው፤ እሷም አልካደችውም። ነገር ግን ወደዚያ የምትሄድበት ገንዘብ የመጣው ከየት ነው? እናቷ ለጥርስ ሕክምና ካጠራቀመችው። ጸሐፊው «ማን ለወግ አበቃት?» ብለው ሲጠይቁ ይህችን ሴት በአንድ ቃል እንኳ አላነሷትም።

ከክላሪዮን በኋላ የሆነው ደግሞ ተረቱን ሙሉ ለሙሉ ያፈርሰዋል። በዎርክሾፑ ሰሞን ሁለት አጫጭር ልብወለዶች ሸጠች። አንደኛው በ1971 በዎርክሾፑ መድበል ወጣ። ሁለተኛውን የገዛው ራሱ ኤሊሰን ነበር፤ ሊያወጣው ላሰበው መድበል። ያ መድበል በሕይወቷ ሳለች አልታተመም፤ ታሪኩን አንባቢ ያየው በ2014 ነው፣ እሷ ከሞተች 8 ዓመት ቆይቶ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል አንድም ነገር አልሸጠችም። ዕቃ አጠበች፣ በስልክ ዕቃ ሸጠች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ጥብስ ስትመርጥ ዋለች። እነዚህን ሥራዎች የመረጠችው ጭንቅላት ስለማይጠይቁ ነው፤ ጭንቅላቷን ለሌሊት ታስቀምጠው ነበር። ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ትጽፋለች፣ ሲነጋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። «ፓተርንማስተር» በ1976 በደብልዴይ አሳታሚ ድርጅት የታተመው በዚህ ሁኔታ ተጽፎ ነው። ተከታዮቹ በ1977 እና በ1978 መጡ። ይህን «ድንገት ተገኘች» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ለጀማሪ ጸሐፊዎች በጻፈችው አጭር ምክርም ያለችው ይህንኑ ነው። ተመስጦን እርሱት፣ ልማድ ይበልጥ ያስተማምናል ትላለች፤ ተሰጥኦንም እርሱት፣ ካለ መልካም፣ ከሌለም ግድ የለም፣ መማርን አለማቋረጥ ከተሰጥኦ ይበልጥ ያስተማምናል። አንብቡ፣ ኮርስ ውሰዱ፣ በየቀኑ ጻፉ፣ የጻፋችሁትን እስኪጠራ አርሙ፣ ከዚያ ላኩት፤ ሲመለስም ለሌላ ላኩት። በሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት በተቀመጡት ወረቀቶቿ መካከል በ1988 በማስታወሻ ደብተር ጀርባ ላይ ለራሷ የጻፈችው ቃል አለ፦ መጻሕፍቷ በብዙ ቁጥር እንደሚሸጡ፣ ለእናቷ ሐኪም እንደምታቆም፣ ድኻ ጥቁር ወጣቶችን ወደ ክላሪዮን እንደምትልክ ዘርዝራ፣ ይሁን፣ ይህንንም ራስሽ ፈጽሚው ብላ ራሷን ታዛለች። ወደ ክላሪዮን የመላኩ ጉዳይ ከሞተች በኋላ በስሟ በቆመ የትምህርት ዕድል ተፈጽሟል።

ወደ «ኪንድረድ» እንሂድ። የቃሉ ትርጉም የሥጋ ዘመድ ማለት ነው፤ ርእሱን የዘለለ ሰው መጽሐፉን ዘልሎታል።

በ1979 በታተመው በዚህ ልብወለድ ውስጥ ማሽን የለም። ሳይንቲስት የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ሳይንሳዊ ማብራሪያም የለም። ደራሲዋ ራሷ ሥራውን የሳይንስ ልብወለድ ማለት አልወደደችም፤ ጨለም ያለ ምናባዊ ታሪክ ነው ያለችው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳና የ26 ዓመት ጥቁር ጸሐፊ ናት፤ በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጭ ከሆነው ባሏ ከኬቪን ጋር አዲስ ቤት እየገባች ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር ሩፈስ የሚባል የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነፍሱ አደጋ ላይ በወደቀ ቁጥር እሷ ወደዚያ ትሳባለች። የምትመለሰው ደግሞ የራሷ ነፍስ ሊወጣ ነው ብላ ስትፈራ ነው። ስድስት ጊዜ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ወንዝ ውስጥ ሲሰጥም ታወጣዋለች፣ ቀጥሎ ያያያዘውን እሳት ታጠፋለች። ጊዜውም በሁለቱ ወገን እኩል አይሄድም፤ እዚያ ሰዓታት ሲያልፉ እዚህ ደቂቃዎች ናቸው። በአንደኛው ጉዞ ኬቪን ይዟት ተሻግሮ ያለ እሷ ይቀራል። እሷ ቤቷ ውስጥ ስምንት ቀን ስትጠብቅ እሱ እዚያ አምስት ዓመት ይኖራል።

ይህ ሕግ ለምን እንዲህ ሆነ? ማሽን ቢኖር ዳና ምርጫ ይኖራት ነበር፤ አልሄድም ትል ነበር፣ ወይም ሩፈስን በልጅነቱ እንዲሰጥም ትተወው ነበር። እንዳትተወው ግን ሩፈስ ቅድመ አያቷ ነው። አሊስ ከምትባል ጥቁር ሴት በ1831 የምትወለደው ሔጋር ካልተወለደች የዳና ቤተሰብ የለም። ስለዚህ ዳና የምታድነው ልጅ አድጎ አሊስን በግድ የራሱ እንደሚያደርግ እያወቀች ታድነዋለች። የመጽሐፉ ሕመም ያለው እዚህ ላይ ነው። «በጊዜ ማሽን ሄደች» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን ሕመም አውጥቶ በምትኩ መጫወቻ አስቀምጧል።

ሐሳቡ የመጣላት በኮሌጅ ሳለች ነው። አንድ ጥቁር ወጣት የቀደመውን ትውልድ በአጎንባሽነት ሲወቅስ፣ እንደሱ ቢሆን እነዚያን ሽማግሌዎች እንደሚያጠፋቸው፣ ግን ከወላጆቹ መጀመር እንደሚኖርበት ሲናገር ሰማች። እሷ ደግሞ እናቷ በአሠሪዎቿ ቤት በጓሮ በር ስትገባ እያየች ያደገች ናት። ያ ማጎንበስ እሷን አብልቷል፣ አልብሷል። እንግዲህ የዘመኑን ሰው ወስዶ ያ ማጎንበስ ግዴታ በሆነበት ቦታ ማቆም ነው የፈለገችው። መጀመሪያ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ወንድ አድርጋ ሞከረች። አልሆነም። የ1976 ጥቁር ወንድ የነጭ ዓይን ውስጥ ቀጥ ብሎ ያያል፣ አነጋገሩ ያስታውቅበታል፤ ሕጉን ሳይማር በፊት ይገደላል። ሴት ግን አደገኛ ብትሆንም አደገኛ ተብላ አትታይም፤ ስለዚህ ለመማር የሚበቃ ዕድሜ ታገኛለች። ዳና ሴት የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጥናቱም በአውቶቡስ አገር አቋርጣ ሜሪላንድ ድረስ ሄደች፤ ወጪውን የቻለችው «ሰርቫይቨር» የተባለውን መጽሐፏን ሸጣ ነው። በታሪክ ማኅበር መዛግብት ተቀመጠች፣ በምሥራቁ ዳርቻ መንደሮች ዞረች። ከዚያም ቨርጂኒያ ተሻግራ የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ጎበኘች። አስጎብኚዎቹ ያኔ «ባሪያ» የሚለውን ቃል አይናገሩም ነበር፤ «አገልጋዮች» ነበር የሚሉት። የቀድሞ ባሪያዎች የጻፏቸውን የሕይወት ታሪኮች ስታነብ ደግሞ አንድ ነገር ወሰነች፦ እንዳለ ብጽፈው ማንም አንብቦ አይጨርሰውም ብላ አለዘበችው። አንባቢ ግርፋቱን ሲያነብ ይህን ያስብ፤ ያ የተለዘበው ነው።

መጨረሻውም ጸሐፊው እንዳሉት «በሰላም ተመለሰች» የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ጉዞ የሚሆነው ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት በምታከብርበት ዕለት ነው። ሩፈስ ክንዷን እንደጨበጠ ትመለሳለች፤ ግራ ክንዷ እሱ ከጨበጠበት ቦታ ጀምሮ በቤቷ ግድግዳ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀራል። መጽሐፉ ደግሞ የሚጀምረው ይህንኑ በመናገር ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። በትለር ዳናን ሙሉ አድርጋ ልትመልሳት አልቻለችም፤ ከዚያ ሙሉ ሆኖ የሚመለስ የለም ብላ ታምናለች።

«ብለድቻይልድ» በ1984 አሲሞቭ በሚባለው የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ወጣ፤ የዘርፉን ታላላቅ ሽልማቶች፣ ኔቡላንም ሂዩጎንም፣ አገኘ። ከመሬት ሸሽተው በሌላ ዓለም የተጠለሉ ሰዎች አሉ። የዚያ ዓለም ነዋሪዎች፣ ትሊክ የሚባሉ ነፍሳት መሰል ፍጡራን፣ እንቁላላቸውን በሰው ገላ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ በተለይ በወንዶች። ጽሑፉ ይህን የባርነት ምሳሌ ብሎታል። ጥቁር ጸሐፊ ከጻፈው ስለ ባርነት መሆን አለበት የሚለው ግምት አዲስ አይደለም፤ በትለር በሕይወቷ ሳለች ተገርማ የመለሰችለት ነው። ከታሪኩ ኋላ በጨመረችው አጭር ማስታወሻ የፍቅር ታሪክ ነው ትላለች፣ የአንድ ልጅ ለአቅመ አዳም የመድረስ ታሪክ ነው፣ ያረገዘ ወንድ ታሪክም ነው። በሌላ ዓለም የተጠለለ ሰው ለመጠለያው የሚከፍለው ኪራይ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄም አለበት።

መነሻው ግን አንዲት ዝንብ ናት። በትለር ለሌላ ሥራ ጥናት ወደ ፔሩ አማዞን ልትሄድ ስትዘጋጅ፣ በሰው ቆዳ ሥር ትል የምታሳድግ ዝንብ እዚያ እንዳለች አነበበች። ዝንቧ እንቁላሏን ሌላ ነፍሳት ነክሶ በተወው ቁስል ውስጥ ትጥላለች። ምክሩ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ሆነባት፦ ትሉን ለመጭመቅ ወይም ለመጎተት አትሞክር፣ ቆርጠህ ግማሹን ውስጥ ካስቀረኸው ያመረቅዛል፤ ሐኪም ጋ እስክትደርስ ወይም አድጎ በራሱ ጊዜ እስኪወጣ ተሸክመኸው ኑር። ይህን ፍርሃት ለማስታገስ ያወቀችው መንገድ መጻፍ ነበር። ይህን ያወቀ አንባቢ የታሪኩን የማዋለጃ ትዕይንት ሲያነብ፣ ከሰው ሆድ ውስጥ ትሎቹ አንድ በአንድ እየተለቀሙ ሲወጡ፣ ምን እያነበበ እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ነጥብ፤ ወደ «ትንቢቱ»።

ጸሐፊው የያዙት ማስረጃ ይህ ነው። በ1993 የታተመው «የዘሪው ምሳሌ» በማስታወሻ ደብተር መልክ የተጻፈ ሲሆን የሚጀምረው ሐምሌ 2024 ላይ ነው። የካቲት 1 ቀን 2025 በሚለው ገጽ ዛሬ ቃጠሎ ነበረብን ይላል። ጥር 7 ቀን 2025 ደግሞ በእውነተኛው ዓለም በትለር በምታውቃቸው ሰፈሮች፣ ከፓሳዲና አጠገብ አልታዲና ላይ፣ የኢተን እሳት ተነሳ። እሷ የተቀበረችበት መካነ መቃብርም አልታዲና ነው። የሚያስደነግጥ ግጥምጥም መሆኑን አንክድም።

ግን ገጹን ገልጠን እንየው። የዚያ ቀን እሳት ከተማ ያጠፋ እሳት አይደለም። ኤሚ የምትባል የሦስት ዓመት ሕፃን በቤተሰቧ ጋራዥ ውስጥ ስትጫወት ያስነሳችው ነው። ባለታሪኳ ሎረን እንዲያውም በዚህ እሳት ዕድለኞች ነበርን ብላ ነው የምትጽፈው። ያንን ዐረፍተ ነገር ከነዐውዱ ያላነበበ ሰው ብቻ ነው ከሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ጋር የሚያገናኘው። ጎረቤቶች የማይጠብቋት፣ እናቷ ገና ልጅ ሆና የወለደቻት፣ የተረሳች ሕፃን ታሪክ ነበር። ትንቢት ፍለጋ ስንሮጥ የረገጥነው እሷን ነው።

ስለ መፈክሩም እንዲሁ። በ1998 በወጣው «የመክሊት ምሳሌ» ውስጥ ጃሬት የሚባል የቴክሳስ ፖለቲከኛ አሜሪካን እንደገና ታላቅ እናድርጋት እያለ ይመረጣል፤ ተከታዮቹም ከሃይማኖታቸው የወጣውን ያሳድዳሉ። ይህን ቃል ለማግኘት ግን ራእይ አያስፈልግም ነበር። ሮናልድ ሬገን በ1980ው የምርጫ ዘመቻ ተጠቅሞበታል። በትለር ያኔ 33 ዓመቷ ነበር፣ ካሊፎርኒያ ትኖር ነበር፣ ሬገንም የካሊፎርኒያ ገዢ የነበረ ሰው ነው። ሰምታዋለች፤ አስቀመጠችው፤ ሲያስፈልጋት አወጣችው።

ዘዴዋን ደጋግማ ተናግራለች፤ ማንም ሊከተለው ይችላል። ጋዜጣ ታነባለች፣ ቆርጣ ትሰበስባለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች። ሰው እያየ ቸል የሚላቸውን ችግሮች ትለያለች፦ የአየር ንብረት መለወጥ፣ የሀብታምና የድኻ መራራቅ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የእስር ቤቶች መብዛት፣ የማንበብ ችሎታ መውደቅ፣ ግንብ አጥሮ መኖር። ከዚያ ማንም ሳያርማቸው 30 ዓመት ያህል እንዲያድጉ ትተዋቸዋለች። 1993 ላይ 30 ሲደመር የት እንደሚያደርስ መቁጠር ነው። በልብወለዱ ውኃ ከቤንዚን በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ከሎስ አንጀለስ 20 ማይል ገደማ ርቀት ላይ ያለችው ሮብሌዶ በግንብ ተከልላ ትኖራለች፤ እሳት ማየት እንደ ፍቅር የሚያስደስት መድኃኒት የወሰዱ ወጣቶች ቤት ያቃጥላሉ። ሎረን ገና ልጅ ሳለች የሽሽት ከረጢት አዘጋጅታ ታስቀምጣለች፤ ዘር፣ ክብሪት፣ ገንዘብ፣ ደረቅ ምግብ፣ መጥረቢያ፣ ልብስ አለበት። ግንቡ ሲፈርስ ያንን አንጠልጥላ በአውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን በእግሯ ትሄዳለች።

«ነቢይት» ማለት ለምን ያስከፋናል? ነቢይ ያለው ይሆናል፤ ሰሚው መቀመጥ ብቻ ነው የቀረው። በትለር የጻፈችው እንዳይሆን ነው። በ2000 ባወጣችው መጣጥፍ አንድ ተማሪ እነዚህ ነገሮች መልሳቸው ምንድን ነው ብሎ እንደጠየቃት ትተርካለች፤ ሁሉን የሚፈታ አንድ መልስ የለም፣ ሺህ መልሶች ግን አሉ፣ አንተም ከፈለግህ ከእነሱ አንዱ ልትሆን ትችላለህ ብላ መለሰችለት። የመጽሐፎቿን ርእስ ከወንጌል መውሰዷም ለዚሁ ነው፤ አንዱ ዘሪው በየስፍራው ስለበተነው ዘር፣ ሌላው መክሊቱን ቀብሮ ስለተወቀሰው ባሪያ ነው። በአማርኛ መክሊት ገንዘብም ስጦታም ስለሆነ የሁለተኛው ርእስ ሁለቱም ትርጉሞች ሳይጎድሉ ተተርጉሞ ይቀመጣል። ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ አንድ ሰው ቢጠቀምበት ምኞታችን ነው።

ስለ ማክአርተር ሽልማት የተባለው ቀን በማየት ብቻ የሚፈርስ ነው። በ1995 የተሰጣት 295,000 ዶላር በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል ነበር፤ በዓመት 59,000 ማለት ነው። «የመክሊት ምሳሌ» የታተመው ከሽልማቱ ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ኔቡላም አገኘ። ከዚያ በኋላ መዘግየቷ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። የሁለቱን «ምሳሌ» መጻሕፍት ሦስተኛ ክፍል፣ ሰዎቹ ሌላ ፕላኔት ላይ ሲሰፍሩ የሚተርከውን፣ ደጋግማ ጀመረችው፤ አንዱን ጅማሬ ትጥለዋለች፣ ሌላ ፕላኔት፣ ሌላ በሽታ፣ ሌላ ግጭት ትሞክራለች፣ እሱንም ትጥለዋለች። ለደም ግፊት የምትወስደው መድኃኒትም ያደክማት ነበር። ከዚህ ማጥ የወጣችው ለራሷ ቀለል ያለ ነገር ፈቅዳ ነው፤ ስለ ደም መጣጮች የተጻፉ መጻሕፍትን ስታነብ ቆይታ «ፍሌጅሊንግ»ን ጻፈች፤ በ2005 ታተመ። በየካቲት 24 ቀን 2006 ሲያትል አጠገብ ከቤቷ ደጅ ወድቃ ሞተች፤ 58 ዓመቷ ነበር። ያልተጠናቀቁት ጅማሬዎች ከሌሎቹ ከ8,000 በላይ ወረቀቶቿ ጋር በሀንቲንግተን አሉ። ለራሷ ያዘዘችው ከፍተኛ ሽያጭ ደግሞ የደረሰው በ2020 ነው፤ «የዘሪው ምሳሌ» የኒውዮርክ ታይምስ የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከሞተች 14 ዓመት ሆኗት ነበር።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ «ፓተርንማስተር»ን አስቀድሙ የሚለውን ምክር አንቀበልም። መጽሐፉ የአንድ ተከታታይ ክፍል ነው፤ መጀመሪያ የታተመ ቢሆንም በታሪኩ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚሆነው ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የፈለገ በ1980 ከታተመው ከ«ዋይልድ ሲድ» ይጀምር፤ ታሪኩ የሚነሳው በ17ኛው መቶ ዘመን ምዕራብ አፍሪካ ነው። ቀጥሎ «ማይንድ ኦፍ ማይ ማይንድ»፣ «ክሌይስ አርክ»፣ በመጨረሻ «ፓተርንማስተር»። ጸሐፊው የዘረዘሩትን «ሰርቫይቨር»ን ፈልጎ መድከም አያስፈልግም፤ ራሷ አፍራበት እንደገና እንዳይታተም ከልክላለች። ሰዎች ሌላ ዓለም ደርሰው እነሱን የሚመስል ፍጡር አግኝተው ወዲያው ልጅ ሲወልዱ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ ሥነ ሕይወትን ለምታጠና ደራሲ ይህ ሊዋጥላት አልቻለም።

ጊዜ የሌለው ሰው ግን በ1983 የታተመውን «ስፒች ሳውንድስ»ን ያንብብ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በሽታ የሰውን ንግግርና ንባብ ነጥቆታል፤ ሰዎች በአውቶቡስ ውስጥ በእጅ ምልክት እየተግባቡ፣ መግባባት ሲያቅታቸው እየተደባደቡ ይሄዳሉ። ራይ የምትባለው ሴት የታሪክ መምህር ነበረች፤ መናገር ትችላለች፣ ማንበብ ግን ተወስዶባታል፣ ቤቷ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ስሟን ለሰው የምትነግረው የእህል ዛላ ቅርጽ ያለው ጌጥ እያሳየች ነው።